የአጥንት መጋጠሚያዎች ሥራና ጥበቃ

ባልትና ያላት እመቤት አንዱን ዶሮ 12 ብልት አድርጋ ስታወጣ ከአጥንት ጋር ስትታገል አትታይም። ቢላዋዋ ጭኑ ከቅልጥሙ፥ ክንፉም ከደረቱ በሚገናኝበት ስፍራ ላይ ያለ ድካም ይገባል፤ አጥንት ሳይሰበር ብልቱ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ሙያው ገና ያልገባት ግን ስፍራውን ትስተውና አጥንቱን ትሰብረዋለች፤ በዚህም ትታማለች። ያች ባለሙያ የአካል ትምህርት በመጽሐፍ ባትማርም፥ ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበትን ስፍራ በጣትዋ ዳስሳ ታውቀዋለች። እኛም በዚህ ወር ለመምህራንና ለከተማችን አንባቢዎች ልንገልጥ ያሰብነው ይህንኑ ስፍራ፥ ማለት የአጥንት መጋጠሚያን ነው።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት አለን። አንድ የ9 ዓመት ተማሪ በአባቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ መጥቶ ነበር። ቀኝ ጉልበቱ አብጦ፥ ቆዳው ተወጥሮ፥ ሰውነቱ በትኩሳት ይነድ ነበር። ማነከስ ከጀመረ 8 ቀን ሆኖታል። መምህሩ ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ይሆናል ብሎ ከሰልፍ አሳረፈው፤ ቤተ ሰቡም ወለምታ ነው ብለው ወጌሻ አስጠሩለት፥ በቅቤም ታሸ። «ከታሸ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ነው የሚያድረው፥ ሐኪም» አለን አባቱ። ከነዚህ ሰዎች ክፉ ያሰበ አንድም የለም፤ ሁሉም የሚያውቀውን አደረገ። ነገር ግን በጉልበቱ ውስጥ የነበረው ወለምታ ሳይሆን መግል ነበረ። ልጁ በሕይወት ተርፏል፤ ጉልበቱ ግን እንደ ቀድሞው አይታጠፍም። እነዚያ 8 ቀኖች ስለ ምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳስከፈሉ ለመረዳት፥ አስቀድሞ መጋጠሚያ እንዴት እንደ ተሠራና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰው አካለ መጠን ሲያደርስ በሰውነቱ ውስጥ 206 ያህል አጥንቶች ይኖሩታል። አጥንቶቹ የሚያያዙበት መንገድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የራስ ቅል አጥንቶች ጠርዝ ለጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሰካክተው የተጣበቁ ስለ ሆኑ አይነቃነቁም፤ ሥራቸው አንጎልን መጠበቅ ነውና መነቃነቅም አያስፈልጋቸውም። የአከርካሪ አጥንቶች ደግሞ በመካከላቸው ጠንካራ ትራስ የመሰለ ነገር ስላለ እያንዳንዳቸው ጥቂት ብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ የብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት ሲደመር ግን ወገብ ይጎነበሳል። ሦስተኛው ወገን በነጻ የሚንቀሳቀሰው መጋጠሚያ ነው። ትከሻ፥ ክርን፥ የእጅ አንጓ፥ ዳሌ፥ ጉልበት፥ ቁርጭምጭሚት፥ የጣቶችም አንጓዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ሐኪሞች ይህን ወገን «ሲኖቪያል» መጋጠሚያ ይሉታል። ስሙ የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ስዊሳዊ ሐኪም ፓራሴልሰስ ካወጣው «ሲኖቪያ» ከሚለው ቃል ነው፤ ዛሬ በዚህ ቃል የሚጠራው በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው።

መምህራን ይህን ለተማሪዎች ሲያስተምሩ በሰሌዳ ላይ ሥዕል ከመሣል ይልቅ፥ ከልኳንዳ ቤት አንድ የበግ ወይም የፍየል ጉልበት ከነመጋጠሚያው ትኩስ እንደ ሆነ አስመጥተው ቢያሳዩ ትምህርቱ ከልብ አይጠፋም። በጾም ወራት ልኳንዳው ስለሚዘጋ ነገሩን ከጾም መልስ ማድረግ ነው። ሥጋው ሲገፈፍ መጀመሪያ የሚታየው ሁለቱን አጥንቶች ዙሪያውን የሚጠቀልል ነጭና ጠንካራ ከረጢት ነው። ከረጢቱ በስለት ሲከፈት ጥቂት የሚያሟልጭ ፈሳሽ ይወጣል። መምህሩ ይህን ፈሳሽ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይዞ ጣቶቹን ሲያራርቅ እንደ እንቁላል ነጭ ክር እየሠራ ይሳባል። ከዚያ በኋላ የአጥንቶቹ ጫፎች ይታያሉ። ጫፎቹ እንደ ሌላው አጥንት ሻካራ አይደሉም፤ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ነጭ፥ በሚያብረቀርቅ ልባስ የተሸፈኑ ናቸው። ይህ ልባስ ልም አጥንት ይባላል። ጆሮአችንንና የአፍንጫችንን ጫፍ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ነገር የቅርብ ዘመዱ ነው።

ልም አጥንቱን ተማሪው በጣቱ ቢዳስሰው ከማለስለሱ የተነሣ ጣቱ አይያዝለትም። ነገር ግን ያው አጥንት እስከ ማግሥቱ ፀሐይ ላይ ቢውል ልባሱ ይቀጥናል፥ ቢጫ ይሆናል፥ ይደርቃል። ምክንያቱም ከክብደቱ ከ100 እጅ ከ65 እስከ 80 የሚሆነው ውኃ ስለ ሆነ ነው። በሰው ጉልበት ውስጥ ውፍረቱ በአብዛኛው ስፍራ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ቀጭን ነገር ላይ ሰውነታችን በሙሉ ይቆማል።

የእናቶቻችን ወፍጮና መጅ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲሄድ እህልን ያደቃሉ፤ ድንጋዩ ሲልም መፍጨት ስለሚሳነው ይወቀራል። መጋጠሚያ የዚህ ተቃራኒ ነው። እየለሰለሰ በሄደ ቁጥር ሥራውን ያሳምራል፤ የሻከረ ዕለት ይበላሻል። ሁለት የልም አጥንት ገጾች በፈሳሻቸው ርሰው ሲንሸራተቱ በመካከላቸው ያለው ሰበቃ፥ በረዶ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ከሚያገኘው ሰበቃ እንኳ ያነሰ ነው። የሰው እጅ የሠራቸው ማሽኖች በየጊዜው ዘይት ካልተጨመረላቸው ይነክሳሉ፤ መጋጠሚያ ግን ቅባቱን ራሱ ይሠራል።

ቅባቱን የሚሠራው የከረጢቱን ውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ከደም የተጣራውን ፈሳሽ ይወስድና ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለውን የሚያሟልጭ ንጥረ ነገር ይጨምርበታል። የፈሳሹ መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ በጤነኛ ሰው ጉልበት ውስጥ ከ4 ሚሊ ሊትር ብዙም አያልፍም፥ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ጠባዩም የሚያስደንቅ ነው፤ አካሉ ዝም ብሎ ሲቆይ ይወፍራል፥ ሲንቀሳቀስ ይቀጥናል። ረጅም ሰዓት ተቀምጠን ስንነሣ ጉልበታችን ለጥቂት እርምጃ የሚያንገራግርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አጥንቶቹ እንዳይለያዩ የሚይዛቸው ከረጢቱ ብቻ አይደለም። አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስሩ ጅማቶች አሉ፤ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያስሩ ሌሎች ጅማቶችም አሉ። በአማርኛችን ሁለቱም «ጅማት» ስለሚባሉ ተማሪዎች እንዳያምታቱአቸው መምህሩ ይለይላቸው። የመጀመሪያዎቹ መጋጠሚያውን ከልኩ እንዳያልፍ ይከለክላሉ፤ የኋለኞቹ የጡንቻን ኃይል ወደ አጥንት ያደርሳሉ። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ስለዚህ ክርንን የሚያጥፍ ጡንቻ በክንዱ ፊት፥ የሚዘረጋውም በክንዱ ኋላ ተቀምጦ ሁለቱ በየተራ ይሠራሉ። ተማሪው ግራ እጁን በቀኝ ክንዱ ላይ አድርጎ ክርኑን ቢያጥፍና ቢዘረጋ፥ አንዱ ሲጠነክር ሌላው ሲላላ ይታወቀዋል።

እንቅስቃሴው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የአጥንቶቹ ጫፍ ቅርጽ ነው። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይታጠፋል። ታዲያ ቁልፍ ስናዞር እጃችን የሚዞረው እንዴት ነው ቢባል፥ ከክርን በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች አንደኛው በሌላው ላይ እየተሻገረ ስለሚዞር ነው። መዳፍን በጠረጴዛ ላይ ወደ ላይ አድርጎ ማጋደም፥ ከዚያም ክርንን ሳያነሡ ወደ ታች መገልበጥ ነገሩን ይገልጠዋል። አንገትም እንዲሁ ሥራውን ተከፋፍሎታል። ራሳችንን ነቅንቀን «አዎን» ስንል በአብዛኛው የሚሠራው የራስ ቅል ከመጀመሪያው የአንገት አጥንት ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ነው፤ ራሳችንን ወደ ጎንና ጎን አዙረን «አይደለም» ስንል ግን የመጀመሪያው አጥንት በሁለተኛው ላይ እንደ እንዝርት ይዞራል። የአውራ ጣት ሥር በኮርቻ ይመሰላል፤ ፈረሰኛ በኮርቻው ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል፥ አውራ ጣትም በሁለቱ አቅጣጫዎች ሄዶ ከሌሎቹ ጣቶች ፊት ለፊት ይገናኛል። ብዕር የምንይዘው፥ ጉርሻ የምንጠቀልለው በዚህ ነው።

ዳሌና ትከሻ ሁለቱም ክብ ራስ በጉድጓድ ውስጥ የሚዞርባቸው መጋጠሚያዎች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። የዳሌው ጉድጓድ ጥልቅ ስለ ሆነ የጭን አጥንት ራስ ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ እንደሚቀመጥ ጠልቆ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ጽኑ ነው፥ በቀላሉም አይወልቅም። የትከሻው ጉድጓድ ግን እጅግ ጠፍጣፋ ከመሆኑ የተነሣ፥ ሎሚ በስኒ ማስቀመጫ ሳሕን ላይ እንደ ተቀመጠ ያህል ነው። ከዚህ የተነሣ እጃችንን ወደ ላይ፥ ወደ ኋላ፥ ወደ ጎን እንደ ልብ እናዞራለን፤ የዚህ ነጻነት ዋጋ ደግሞ ከታላላቆቹ መጋጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ ትከሻ አዘውትሮ መውለቁ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናግባ። እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻው ሳይወልቅ እንዴት ያን ያህል ይንቀጠቀጣል የሚሉ አሉ። እስክስታ በይበልጥ የሚመታው በጉድጓዱ ውስጥ አይደለም፤ የትከሻ ሰሌዳ የሚባለው ሰፊ አጥንት በጎድኖች ጀርባ ላይ ወዲህና ወዲያ እየተንሸራተተ ነው። ጥሩ መቺ ክንዱን ልቅ አድርጎ ሰሌዳውን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

ጉልበት ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብለት የሚገባ መጋጠሚያ ነው። በሰውነታችን ካሉት አጥንቶች ሁለቱ ረጃጅሞች፥ ማለት የጭኑና የቅልጥሙ፥ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ የሚቆሙት እዚህ ነው፤ የሚገቡበት ጥልቅ ጉድጓድ ግን የላቸውም። የሚይዙአቸው በግራና በቀኝ ሁለት ጅማቶች፥ በውስጥም እንደ መስቀል የተሻገሩ ሁለት ጅማቶች ናቸው። በአጥንቶቹ መካከል ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት ትራሶች ተነጥፈው ክብደቱን ያካፍላሉ። ከፊት ያለችው ሎሚ የምትባለው ትንሽ አጥንት ደግሞ የጭንን ጡንቻ ጅማት ከመጋጠሚያው ራቅ አድርጋ ስለምትይዝ፥ ጡንቻው ባነሰ ኃይል እግሩን እንዲዘረጋ ታግዘዋለች። በሜዳ ላይ ስንራመድ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነታችን ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያህል ይደርሳል፤ ደረጃ ስንወርድ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ውፍረት ያለው ሰው 1 ኪሎ ቢቀንስ፥ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ሸክም ይቀልለታል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ከብዙ ቅባት ይልቅ ይህ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

አሁን የነገሩ ዋና ወደ ሆነው እንመጣለን። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ሌላው አካላችን በአብዛኛው ምግቡን ከደም ሲቀበል እርሱ ከደም አይደርሰውም። ታዲያ በምን ይኖራል? የሚኖረው በዚያ ጥቂት ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹንም የሚያስገባለት አንዱ ነገር እንቅስቃሴ ነው። እግር መሬት ሲረግጥ ልም አጥንቱ እንደ ሰፍነግ ተጨምቆ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይወጣል፤ እግር ሲነሣ መልሶ ይጠጣል። ስለዚህ የማይንቀሳቀስ መጋጠሚያ ቀስ በቀስ ይራባል፤ ከረጢቱ ይኮማተራል፥ ጡንቻውም ይሟሽሻል። ለስብራት የታሰረ እጅ ከወራት በኋላ ሲፈታ ክርኑ አልዘረጋ የሚለው በዚህ ነው። መምህራንም ሕፃናትን ከጧት እስከ ቀትር በወንበር ላይ አያስቀምጡአቸው፤ በየክፍለ ጊዜው መካከል ተነሥተው እንዲንጠራሩ ማድረግ ጊዜ ማባከን አይደለም።

ሩጫ ጉልበትን ይጨርሳል የሚለውን አሳብ ብዙ ሰው ይዞታል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈበት አገር ይህን ማመን ያስቸግራል፤ ሆኖም አንድ ጀግና ማስረጃ አይሆንምና ቁጥሩን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2017 አያሌ ጥናቶች አንድ ላይ ተሰብስበው ሲመረመሩ፥ የዳሌና የጉልበት ልም አጥንት መበላት ለጤናቸው በሚሮጡ ሰዎች ላይ ከ100 3.5፥ በማይሮጡት ላይ ከ100 10.2፥ በውድድር ሯጮች ላይ ደግሞ ከ100 13.3 ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ብቻውን ምክንያቱን ባያረጋግጥም፥ በልክ መሮጥ መጋጠሚያን ይጎዳል ለሚሉት የሚረዳቸው አይደለም።

ጣትን ማንቋቋትም እንዲሁ ይታማል። አንድ የአሜሪካ ሐኪም የግራ እጁን ጣቶች ብቻ ለ50 ዓመት ያህል በየቀኑ ሲያንቋቋ ኖሮ፥ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለቱን እጆቹን ሲያስተያይ በአንዳቸውም ላይ የመጋጠሚያ በሽታ አላገኘም። የሚሰማው ድምፅ የአጥንት መሰበር ሳይሆን፥ መጋጠሚያው ሲሳብ በፈሳሹ ውስጥ ከሚፈጠረው የአየር ክፍተት ጋር የተያያዘ ነው። በክፍል ውስጥ ጣቱን የሚያንቋቋ ተማሪ ስለ ጨዋነት እንጂ ስለ ጤናው አይገሠጽ።

ደም የማይደርሰው መሆኑ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ቆዳ ሲቆረጥ ደም መጠገኛውን ያመጣለትና ይሽራል፤ አጥንትም ሲሰበር ይጠገናል። ልም አጥንት ግን አንዴ ከተበላ በቀድሞው መልኩ አይመለስም። ዊልያም ሀንተር የተባለው ሐኪም ይህን እ.ኤ.አ. በ1743 ለንደን ላይ ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ አመልክቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሕክምና ብዙ ቢራመድም የተበላውን ሙሉ በሙሉ እንደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት አልተገኘም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ የዳሌ መጋጠሚያ በሰው አካል ውስጥ ካስገባ ወዲህ፥ ለብዙ አረጋውያን በዚህ መንገድ መራመድ ተችሏል። ነገር ግን ሰው ሠራሽ መጋጠሚያ ከልጅ ጋር አያድግምና ለ9 ዓመት ሕፃን መፍትሔ አይሆነውም። ደግሞም ልም አጥንት የስሜት ጅማት የለውም፤ ሲበላ ራሱ አይጮኽም። ሕመሙ የሚሰማው ሽፋኑ ሲቆጣ፥ ከረጢቱ ሲወጠር፥ ከበታቹ ያለው አጥንት ሲነካ ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ልጅ ጉልበት እንመለስ። ፈሳሹን የሚሠራው ስስ ሽፋን የደም ሥር የበዛበት ነው፤ በደሙና በመጋጠሚያው ክፍተት መካከልም ብዙ ሌሎች የውስጥ ሽፋኖች ያላቸው ዓይነት አጥር የለውም። ለዚህ ነው ከደም የተጣራው ፈሳሽ በቀላሉ የሚገባው። በዚያው በር ግን በደም ውስጥ የሚዞር ተሕዋስም ይገባል። በእግር ላይ የወጣ ብጉንጅ ወይም ያልታጠበ ቁስል መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም መነሻው ሳይታወቅ ይቀራል። ተሕዋሱ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ሲራባ ሰውነት ሊዋጋው ነጭ የደም ሕዋሳትን ይልካል፤ ከዚህ ውጊያ መግል ይፈጠራል፥ መግሉም ልም አጥንቱን የሚያሟሙ ነገሮች አሉበት። የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ፈሳሽ በነበረበት ስፍራ መግል ሲሞላ ግፊቱ ይበረታል። ጥፋቱ ወራትን አይጠብቅም፤ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ይፈጸማል። ማሸት ደግሞ የተቆጣውን ያባብሰዋል፥ ከሁሉም የከፋው ግን ቀኑን ይወስዳል።

መምህር ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን ልጁን በየቀኑ የሚያየው እርሱ ነው። አንድ መጋጠሚያው በድንገት ያመመው፥ የሚያተኩሰውና እግሩን መርገጥ ወይም እጁን ማንሣት እንቢ የሚል ልጅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። በመጋጠሚያው ላይ እብጠት፥ ሙቀትና መቅላት ቢታይ ጥርጣሬው ይበረታል፤ ባይታይም ግን መዘግየት አይገባም። የዳሌ መጋጠሚያ በሥጋ ውስጥ ጠልቆ ስላለ እብጠቱ ከውጭ አይታይም፤ እንዲያውም ዳሌው የታመመ ልጅ «ጉልበቴን ነው የሚያመኝ» ይላል። ስለዚህ ጉልበቱ ደኅና መስሎ የሚያነክስ ልጅ ሲያተኩሰው በውሸት አይጠርጠር። ወለምታ የተመታ ልጅ ብዙ ጊዜ አደጋው የደረሰበትን ሰዓት ይናገራል፥ በጥንቃቄ ሲይዙትም ጥቂት ያንቀሳቅሳል፤ መግል የያዘው ግን ቅንጣት መነቃነቅ አይፈቅድም። ሆኖም ልጅ ሁሉ በየቀኑ ይወድቃልና «ወድቄ ነው» ማለቱ ብቻ አያታልለን። ቤት ውስጥ ከተረፈ መድኃኒት ጥቂት ፍሬ መስጠትም ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ሕክምናው መግሉን ማውጣትና ተስማሚውን መድኃኒት በደም ሥር መስጠት ነው፤ ይህም በሆስፒታል ይደረጋል።

ከዚህ የሚለይ ሌላ በሽታ አለ። ሕመሙ ዛሬ በጉልበት፥ ከነገ ወዲያ በቁርጭምጭሚት፥ ከዚያ በክርን እየተዘዋወረ የሚያተኩሰው ልጅ፥ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለው፥ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በፊት ጉሮሮውን ታሞ እንደ ነበረ ይጠየቅ። ይህ ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ሊሆን ይችላል። መጋጠሚያዎቹ በዚህ በሽታ አይበሉም፤ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። ቤተ ሰብም ቁርጥማቱ ለቀቀው ብለው ደስ ይላቸዋል። ጉዳቱ የሚቀረው በልብ በሮች ላይ ነው፤ በየጊዜውም ሲመላለስ ይጨምራል። በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ በፔኒሲሊን ቢታከም ይህ በሽታ ይከለከላል፤ አንዴ የያዘው ልጅም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ለዓመታት መወጋት ይኖርበታል። እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ አንዳች አይረዳም፥ ራሱ ሌላ ቁስል ነው።

ስለ ወጌሾች ዝም ብለን ብናልፍ አንባቢ ይታዘበናል። ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የሕዝባችንን ትከሻ የመለሱ እነርሱ ናቸው፤ ከነርሱም መካከል ጣታቸው እንደ ዓይን የሚያይ ባለሙያዎች እንዳሉ አይተናል። የምንቃወመው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሚያተኩስ መጋጠሚያን ማሸት ነው። ሁለተኛው በሸምበቆ ወይም በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ነው። ከጉዳት በኋላ አካል ስለሚያብጥ በጧት ልክ የነበረው ማሰሪያ በማታ ደም ይከለክላል፤ በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት አሉ። የታሰረው እጅ ጣቶች ቢቀዘቅዙ፥ ቢገረጡ ወይም ቢጠቁሩ፥ ቢደነዝዙ፥ ሕመሙም እየበረታ ቢሄድ ማሰሪያው እስከ ማግሥቱ ሳይቆይ በዚያው ደቂቃ ይፈታ፥ ልጁም ወደ ሐኪም ይወሰድ። ትከሻ ወይም ክርን የወለቀ በመሰለ ጊዜ መምህሩ ሊስበው አይሞክር፤ አብሮት የተሰበረ አጥንት ሊኖር ይችላልና። እጁን እንዳለ በነጠላ ከአንገት ጋር አንጠልጥሎ ወደ ሕክምና መላክ ይበቃል።

ልጁ ሲላክ አንድ ቁራጭ ወረቀት አብሮ ቢሄድ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው። በወረቀቱ ላይ ማነከስ የጀመረበት ቀን፥ ሕመሙ ያለበት መጋጠሚያ፥ ማተኮሱ፥ መታሸቱ ወይም አለመታሸቱ፥ የወሰደው መድኃኒትም ቢኖር ይጻፍ። አባቶች በድንጋጤ ቀኑን ያምታታሉ፤ መምህር ግን የተማሪዎች ስም መጥሪያ መዝገብ በእጁ አለ።

በትምህርት ያገለገለው የበግ አጥንት ውሻ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበር፤ የነኩትም ሁሉ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ያ ልጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሷል። በየቀኑ ጧትና ማታ ጉልበቱን እንደ ታዘዘለት ያንቀሳቅሳል፤ እንደ ጓደኞቹ መንበርከክ ግን አልቻለም። መምህሩ ከግድግዳው ሥር የነበረውን ስፍራውን ለውጦ የወንበሩን ጫፍ ሰጥቶታል፤ እዚያም ቀኝ እግሩን ወደ መተላለፊያው ዘርግቶ ይማራል።